የመካከለኛው ዘመን መርከብ ሕመሞች፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

በመካከለኛው ዘመን የእንጨት መርከብ የታመመበት ሰው አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት መርከቡ በየትኛው ባሕር እንደሚሠራ ነው። ለሰሜን ባሕር ፍቱን የሆነው መድኃኒት ቀይ ባሕር ላይ መርከቡን ሊሰብረው ይችላል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች ያኔ የመርከብ ሠሪውን እንቅልፍ የነሱ ናቸው፤ መፍትሄዎቹም በተግባር የተሞከሩ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ውሃ በሳንቆቹ መጋጠሚያ ይገባል

ምልክት፦ መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ደህና ነው። ጭነት ይዞ ማዕበል ሲያገላብጠው ግን ሆዱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል።

መንስኤው እንደ አሠራሩ ይለያያል። ሳንቆቹ የተያያዙት በብረት ምስማር ከሆነ የምስማሮቹን ዙሪያ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ኦክ በሚባለው ጠንካራ የአውሮፓ እንጨት ላይ በምስማሩ ዙሪያ ጥቁር እድፍ ከታየ ብረቱ ዝጓል፤ እንጨቱም አብሮት እየላመ ነው። እንዲህ ያለው ምስማር ወጥቶ ቀዳዳው በእንጨት ይደፈናል፤ አዲሱ ምስማር የሚመታው ጤነኛው እንጨት ላይ ነው። ምስማሩ ጤነኛ ሆኖ ውሃው ከቀጠለ ጥፋቱ የውታፉ፣ ማለትም መጋጠሚያው ውስጥ የታጨቀው መሙያ ነው። በ1962 በጀርመን ብሬመን ከተማ አጠገብ ቬዘር ወንዝ ውስጥ የተገኘው መርከብ የሰሜኖቹን ዘዴ በግልጽ ያሳያል። እንጨቱ በ1378 የተቆረጠው ይህ መርከብ መጋጠሚያዎቹ ሞስ በሚባል ለስላሳ የረግረግ ዕፅ ተወትፈዋል፤ ውታፉ ላይ ቀጭን እንጨት ተጋድሞ በትንንሽ የብረት መቆንጠጫዎች ተይዟል። ውታፉ ሲላላ መርከቡን ሳያፈርሱ ያንን ብቻ መለወጥ ይቻላል።

መርከቡ የተሰፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ሳንቃዎች ጠርዛቸው እየተበሳ ከኮኮናት ልጣጭ በተፈተለ ገመድ ይሰፉ ነበር። እዚህ ውሃ ከገባ ገመዱ አርጅቷል፣ ወይም ቅባቱ አልቋል። በ1183 በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ካለው የአይዛብ ወደብ ወደ ጅዳ የተሻገረው መንገደኛ ኢብን ጁበይር ሕክምናውን በዝርዝር ጽፎልናል። መጋጠሚያው በተምር ዛፍ ስንጣሪ ይወተፋል፣ ከዚያ በንጥር ቅቤ፣ በጉሎ ዘይት ወይም በሻርክ ዘይት ይቀባል፤ ከሦስቱ የሻርኩ ይበልጣል። ዓላማውንም ነግሮናል፦ በዚያ ባሕር የድንጋይ ዛጎሉ (ኮራል የሚባለው የባሕር ውስጥ ዓለት) ብዙ ስለሆነ እንጨቱ እንዲለሰልስና እንዲተጣጠፍ ነው። ገመዱ ራሱ ሲያልቅ ስፌቱ ተፈትቶ መርከቡ እንደገና ይሰፋል።

የቬኒሱ ተጓዥ ማርኮ ፖሎ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ባለው ሆርሙዝ ወደብ ላይ እነዚህን መርከቦች አይቶ ክፉኛ አጣጥሏቸዋል። በዚህ አልስማማም። ምስማር የበዛበት ግትር ሳንቃ የድንጋይ ዛጎል ሲመታው ይሰነጠቃል፤ የተሰፋው ግን ይተጣጠፋል፣ ገመዱም አይዝግም። በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስም አጼ ካሌብ ወደ የመን የዘመቱበትን ዘመን ሲተርክ የዚህን ባሕር መርከቦች ስፌት አንስቷል። መርከቦቹ ያለ ብረት ምስማር የሚሰፉት ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ዓለት ስላለ ነው የሚለውን ወሬ ውድቅ ማድረጉ ያስመሰግነዋል። ምክንያቱን ለኢትዮጵያውያንና ለሕንዶች ብረት ስላልነበራቸው ነው ብሎ መደምደሙ ግን አያስኬድም፤ አክሱም ውስጥ የብረት መሣሪያዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል።

ሳንቃው ከውጭ ጤነኛ ነው፣ ቢላዋ ግን ይሰርገዋል

መንስኤ፦ የመርከብ ትል። ትል ይባል እንጂ ወገኑ ከቀንድ አውጣና ከዛጎል እንስሳት ነው። ገና ደቃቅ ሳለ የመርፌ ጫፍ በምታክል ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ ራሱ ላይ ባሉት ሁለት ትንንሽ ዛጎሎች እንጨቱን እየፈገፈገ ውስጥ ለውስጥ ያድጋል፤ መተላለፊያውንም በነጭ የኖራ ሽፋን ይለስነዋል። ስለዚህ በዓይን ማየት አይበቃም፤ ሳንቃውን በመዶሻ ማንኳኳት ያስፈልጋል። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጉዳዩ አልቋል። ኮሎምበስ በአራተኛ ጉዞው በ1502 በአራት መርከቦች ወጥቶ በሰኔ 1503 የቀሩትን ሁለቱን ጃማይካ ዳርቻ ላይ አስደግፎ የቀረው በዚህ ፍጡር ምክንያት ነው። አንድ ዓመት ያህል እዚያው ታግቷል።

መፍትሄ፦ ርካሹ መፍትሄ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነው። ትሉ ጨው ይፈልጋልና መርከቡን ወንዝ ውስጥ ወስዶ ለሳምንታት ማቆየት ይገድለዋል። ወንዝ ከሌለ መርከቡ ዳርቻ ላይ ተጋድሞ ሆዱ በእሳት ይለበለባል፣ ከዚያም በዝፍት ወይም በሞራ ይቀባል። የሕንድ ውቅያኖስ ሰዎች ኖራና የእንስሳት ስብ ቀላቅለው ይለስኑት ነበር። የመዳብ ልባስ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አላርም የተባለችውን መርከብ በ1761 በመዳብ አልብሶ ሞከረ። ትሉ ቆመ፤ ነገር ግን መዳቡ በጨው ውሃ ውስጥ የነካቸውን የብረት ምስማሮች በላቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ምስማሩን መለወጥ ሳይታሰብ ልባሱን መለወጥ ስህተት ነበር።

መርከቡ መሪ አይቀበልም

ማዕበሉ በአንድ ጎን ሲያዘነብለው መርከቡ የፈለገበት ይሄዳል። መንስኤው በጎን የተንጠለጠለው የመሪ መቅዘፊያ ከውሃ መውጣቱ ነው። ዝቅ ባለ ጀልባ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ጎኑ ከፍ ባለ የጭነት መርከብ ግን መቅዘፊያው ረዝሞ ይከብዳል። መፍትሄው መሪውን ከኋላ መሐል ላይ በብረት ማጠፊያ መስቀል ነው። በ1242 የተሠራው የኤልቢንግ (በዛሬዋ ፖላንድ ያለች የወደብ ከተማ) ማኅተም ላይ ይህ መሪ በግልጽ ይታያል። የኋላው ግንድ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ እንደ ቫይኪንግ መርከብ የጎበጠ ከሆነ መሪው በደንብ አይገጥምም።

ከነፋስ ጋር መፋለም አቅቶታል

ምልክት፦ መርከቡ ወደፊት የሄደ ይመስላል፣ ዳርቻው ግን በጎን እየቀረበ ነው።

አራት ማዕዘን ሸራ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የሚወዳደረው የለም፤ ከፊት ሲመጣ ግን ይደክማል። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሸራ ወደ ነፋሱ ይበልጥ ተጠግቶ ይሄዳል፤ ካራቬል የሚባሉት የፖርቱጋል ቀላል መርከቦች በአፍሪካ ዳርቻ የወጡትና የወረዱት በእርሱ ነው። ይሁንና እርሱን ማዞር ብዙ እጅ ይጠይቃል። ኮሎምበስ በ1492 ካናሪ ደሴቶች ላይ ኒና የተባለችውን መርከቡን ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ በአራት ማዕዘን ያስለወጠው የሚጠብቀው ነፋስ ከኋላ ስለነበር ነው። በኋላ ሁለቱ ዓይነት በአንድ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ላይ አብረው ተሰቀሉ።

ሸራ የማይፈታው ሁኔታም አለ። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ይነፍሳል። ነጋዴዎቹ እዚያ ከመታገል አይዛብ ላይ ጭነታቸውን አራግፈው በግመል ወደ ዓባይ ወሰዱት። ይህን ከመርከብ ሥራ ጥበብ እቆጥረዋለሁ።

መርከቡ በትልቅነቱ ታመመ

ሳንቃ በሳንቃ ላይ እየተደራረበ የሚሠራ መርከብ ጥንካሬው ቆዳው ላይ ነው፤ መጠኑ ባደገ ቁጥር ቆዳው መወፈር አለበት። የእንግሊዙ ሄንሪ አምስተኛ በ1418 ያሠራው ግሬስ ድዩ ሦስት ድርብ ሳንቃ ነበረው። ለአንድ ጉዞ ወጥቶ ተመለሰ፤ በ1439 መብረቅ መትቶት ተቃጠለ።

መፍትሄው አስቀድሞ ሜዲትራኒያን ላይ ተገኝቶ ነበር። ቱርክ ዳርቻ ሰርቼ ሊማኒ ላይ የሰጠመው፣ ከ1025 አካባቢ የሆነው መርከብ የጎድን እንጨቶቹ በቅድሚያ ቆመው ሳንቃው በኋላ ተመትቶበታል። ጥንካሬው ወደ አጽሙ ተዛወረ፤ ቆዳው ቀለለ። ሆኖም ሳንቆቹ ጎን ለጎን እንጂ ተደራርበው ስለማይያዙ የውታፉ ሸክም ከበደ። አሮጌ ገመድ ተፍታቶ በመዶሻ ይወተፋል፣ በዝፍት ይታሸጋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መርከቡ ፀሐይ ላይ ከርሞ ሳንቆቹ ሲኮማተሩ ነው፦ ያኔ ክፍተቱን በኃይል መሙላት አይገባም። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ የታጨቀው ውታፍም ሳንቃውን ከምስማሩ ያላቅቀዋል። በመጀመሪያ ሳንቃውን በውሃ ማራስ፣ ከዚያ ሳይዘጋ የቀረውን ክፍተት ብቻ መወተፍ ነው።