የጨረታ ሶፍትዌርን የሚያበላሹ ስህተቶች

የኦንላይን ጨረታ ሲስተም ሲሠራ አብዛኛው ድካም የሚያልቀው በዳታቤዙና በክፍያው ላይ ነው። አሸናፊውን የሚመርጡትና የሚከፍለውን የሚያሰሉት ጥቂት የኮድ መስመሮች ግን ከሌላው ሁሉ ይለያሉ፤ ምክንያቱም ተጠቃሚው ሕጉን አጥንቶ የሚጽፈውን ዋጋ ይቀይራል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ኖአም ኒሳንና አሚር ሮነን እ.ኤ.አ. በ1999 የጨዋታ ንድፈ ሐሳብን (ጌም ቲዎሪን) ከአልጎሪዝም ጋር ሲያገናኙ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፦ ለአልጎሪዝሙ ግብዓት የሚያቀብሉት ሰዎች የየራሳቸውን ጥቅም የሚያሳድዱ ቢሆኑስ?

የቀረበውን ዋጋ እንደ እውነተኛ ግምት መውሰድ

ከፍተኛውን ዋጋ ያቀረበ አሸንፎ ያንኑ በሚከፍልበት ጨረታ ማንም የልቡን አይጽፍም። ዕቃው 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣለት ሰው 1 ሚሊዮን ጽፎ ቢያሸንፍ ትርፉ ዜሮ ነው። ሁለት ተጫራቾች ቢኖሩና የእያንዳንዳቸው ግምት ከዜሮ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ በእኩል ዕድል ቢወድቅ፣ የሚያዋጣቸው የግምታቸውን ግማሽ ማቅረብ ነው፤ አምስት ከሆኑ 80 በመቶውን። እንዲህ ካለ ጨረታ የተሰበሰበን ዳታ "የገበያ ዋጋ" ብሎ ለትንበያ ሞዴል መመገብ የተጫራቾቹ ቁጥር በተቀየረ ማግስት ያሳስታል።

የኢኮኖሚ ሊቁ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው መላ አሸናፊው ሁለተኛውን ዋጋ እንዲከፍል ነው። ያኔ የጻፍኩት ቁጥር ማሸነፌን እንጂ ክፍያዬን አይወስንም፤ መዋሸትም ጥቅም የለውም።

መነሻ ዋጋ መርሳት

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ በዚሁ በሁለተኛ ዋጋ ሕግ ስትሸጥ መነሻ ዋጋ አልነበራትም። 100,000 ዶላር ያቀረበ አንድ ድርጅት 6 ዶላር ብቻ ከፈለ፤ ሁለተኛው ተጫራች ያቀረበው ያንን ነበርና። ኮዱ ላይ የሚጎድለው አንድ መስመር ነው፦ ክፍያው ከሁለተኛው ዋጋና ከመነሻው የሚበልጠው ይሁን።

ሁለተኛ ዋጋ ለብዙ ቦታ በቀጥታ ይሠራል ብሎ ማሰብ

ጎግል የፍለጋ ማስታወቂያውን ሲሸጥ ያወቅነው አሠራር እያንዳንዱ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ሰው ዋጋ የሚከፍልበት ነው። ቪክሪን ይመስላል፤ እውነት መናገርን ግን አያስገኝም። ሁለት የማስታወቂያ ቦታ አለ እንበል፤ የላይኛው 100 ክሊክ፣ የታችኛው 80 ክሊክ ያመጣል። ለሦስት ነጋዴዎች አንድ ክሊክ 10፣ 8 እና 2 ብር ያወጣል። የመጀመሪያው 10 ብሎ እውነቱን ቢጽፍ በክሊክ 8 ብር ይከፍላል፤ ትርፉ 200 ብር ነው። 7 ብሎ ቢጽፍ ወደ ታችኛው ቦታ ይወርዳል፣ በክሊክ 2 ብር ይከፍላል፣ ትርፉ ግን 640 ብር ይሆናል።

እውነቱን እንዲጽፍ ከተፈለገ መክፈል ያለበት በሌሎቹ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው። እሱ ባይኖር ሌሎቹ 100×8 + 80×2 = 960 ብር የሚያወጣ ጥቅም ያገኙ ነበር፤ እሱ ሲኖር 80×8 = 640። ልዩነቱ 320 ብር ነው። ይህን ከፍሎ 680 ብር ስለሚተርፈው መውረድ አያዋጣውም።

አልጎሪዝሙን በፈጣን ግምታዊ ዘዴ ተክቶ የክፍያውን ቀመር እንዳለ መተው

ጎበዝ ፕሮግራመሮችን ሳይቀር የሚያሳስተው ይህ ነው። ዕቃዎች በጥቅል ሲሸጡ ምርጡን ድልድል ማግኘት ኤንፒ-ሃርድ ነው፤ ማለትም ሁልጊዜ በፍጥነት የሚፈታው ዘዴ አይታወቅም። 20 ጥያቄዎች ካሉ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቅንጅት መፈተሽ ለኮምፒውተር ቀላል ነው፤ 60 ሲደርሱ ግን ሁሉንም መፈተሽ አይታሰብም። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል እያነሣ የሚያድል ስግብግብ አልጎሪዝም ያስገባል፤ ክፍያውን ግን "በሌሎች ላይ የደረሰ ጉዳት" በሚለው ቀመር ማስላቱን ይቀጥላል።

በቁጥር እንየው። ሁለት ዕቃ አለ፣ ሀ እና ለ። አልማዝ ሀን ብቻ ትፈልጋለች፣ ለእሷ 8 ሺህ ብር ያወጣል። በቀለ ሁለቱንም በ14 ሺህ፣ ጫልቱ ለን በ9 ሺህ። አልጎሪዝሙ ዋጋውን ለዕቃው ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍሎ ደረጃ ያወጣል፤ በቀለ 14÷1.414 = 9.9 ስለሚሆን ቀድሞ ሁለቱንም ይወስዳል። አልማዝ ዋሽታ 10 ሺህ ብትጽፍ ግን አንደኛ ትሆናለች፣ ለ ለጫልቱ ይደርሳል። ክፍያዋ 14 − 9 = 5 ሺህ ነው፤ በመዋሸቷ 3 ሺህ ብር አተረፈች።

መፍትሔው ክፍያውን ከአልጎሪዝሙ ራሱ ማውጣት ነው፦ አሸናፊው የሚከፍለው ሳይሸነፍ ሊያቀርብ የሚችለውን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ለአልማዝ ይህ 9.9 ሺህ ብር ገደማ ስለሆነ መዋሸቷ ያከስራታል። ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። እያንዳንዱ ተጫራች አንድ ጥቅል ብቻ የሚፈልግ ይሁን፤ ዋጋውን የጨመረ አሸናፊም በመጨመሩ ተሸናፊ አይሁን። ሁለተኛውን በቴስት መፈተሽ ይቻላል፦ አሸናፊ ጥያቄ ይመረጥ፣ ዋጋው ከፍ ይደረግ፣ አልጎሪዝሙ እንደገና ይሂድ። አንድ ጊዜ እንኳ ከተሸነፈ ክፍያው ተበላሽቷል።

ሰዓቱን ድንገት መዝጋት

ኢቤይ ላይ እንደሚታየው መዝጊያው ቁርጥ ያለ ሰዓት ከሆነ ተጫራቾች የመጨረሻዋን ሰከንድ ይጠብቃሉ፤ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ይጠቀማል። በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ዋጋ ከገባ ሰዓቱ በ10 ደቂቃ ይራዘም። እኩል ዋጋ ሲመጣም ቀድሞ ለገባው መስጠት ያንኑ ሩጫ ይመልሳል፤ በይፋ የሚረጋገጥ ዕጣ ይሻላል።

"ሰርቨሩን እመኑ" ማለት

በሁለተኛ ዋጋ ጨረታ አጫራቹ ከአሸናፊው ዝቅ የሚል የሐሰት ዋጋ አስገብቶ ክፍያውን ማናር ይችላል፤ ማንም አያይም። ማረጋገጫ የሌለው ሶፍትዌር ምን እንደሚያስከትል ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በማጭበርበር ምክንያት ሲሰረዝ ታይቷል።

ለጨረታ ያለው ዘዴ እንደ ታሸገ ኤንቨሎፕ ነው። እያንዳንዱ ተጫራች የዋጋውን የሻ-256 ሃሽ (ከዋጋው የሚሰላ፣ ወደ ዋጋው ግን ተመልሶ የማይፈታ አሻራ) አስቀድሞ ያስገባል፣ የሁሉም ሃሽ ለሁሉም ይለጠፋል፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ዋጋው ይገለጣል። ዋጋው ብቻውን ሃሽ ከተደረገ ግን ኤንቨሎፑ ክፍት ነው፤ ከ1 ብር እስከ 10 ሚሊዮን ያለውን ሁሉ ሃሽ አድርጎ ማመሳሰል ሰከንዶች ይበቃሉ። ከዋጋው ጋር ቢያንስ 128 ቢት የዘፈቀደ ቁጥር ይቀላቀል። የሌሎችን አይቶ የራሱን ለመግለጥ እምቢ የሚል ተጫራችም አይጠፋም፤ ለዚህ ሲፒኦው እንደሚወረስ በጨረታው ሰነድ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።