ስካን የተደረገ ፊልም ቀለሙ እንዴት ይስተካከላል?

ስካን ተደርጎ የመጣላችሁን ፊልም ስትከፍቱት አመድ የነሰነሱበት የሚመስል ፈዛዛ ምስል ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ስካኑ በአግባቡ ተሠርቷል ማለት ነው። የሚያሰጋው ገና ከመምጣቱ ያማረው፣ ጥቁሩ ድቅድቅ ብሎ ነጩ ቦግ ያለው ነው። እዚያ ላይ ሌላ ሰው ወይም ማሽኑ ራሱ ቀድሟችሁ ወስኗል። በድቅድቁ ውስጥ የተዋጠው ዝርዝር ደግሞ ምንም ብትሉት አይመለስም።

የቀለም ኔጋቲቭ ዱሮም በቀጥታ እንዲታይ አልተሠራም። ብዙ ብርሃንና ብዙ ጥላ አብሮ እንዲይዝ ተብሎ ኮንትራስቱ (የብርሃንና የጥላ ልዩነቱ) ዝቅ ተደርጓል፤ ጋማ በሚባለው መለኪያ 0.6 ገደማ ነው። ለሲኒማ ቤት የሚታተምበት ፊልም በተቃራኒው ኮንትራስቱ ኃይለኛ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ምስሉ ነፍስ ይዘራል። ስካን ስናደርግ ያ ሁለተኛው ፊልም የለም። የእሱን ሥራ የምንሠራው እኛ ነን።

ደረጃ 1፦ ስካን ለሚያደርገው ሰው ጥያቄያችሁን በግልጽ ንገሩ

ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሎግ ስካን ይሁን፤ የፊልሙን ጥላና ብርሃን ሁሉ በፈዛዛ መልክ አጭቆ የሚይዝ አሠራር ነው፤ ቢያንስ 10 ቢት። 8 ቢት ለአንድ ቀለም 256 እርከን ብቻ ነው ያለው፤ 10 ቢት 1024 አለው። ፈዛዛ ምስል ሲለጠጥ ይህ ልዩነት ሰማዩ ላይ እንደ ደረጃ ተሰንጥቆ ይታያል። ሁለተኛ፣ አውቶማቲክ ማስተካከያ ሁሉ ይጥፋ። አንድ ጊዜ ይህን ሳልናገር የሰጠሁት ሪል ብርሃኑ እንደ ልብ ምት ከፍ ዝቅ እያለ መጣልኝ። ሰው በካሜራው ፊት ባለፈ ቁጥር ማሽኑ "አስተካክሏል"። እንደገና ከማስካን ሌላ መፍትሔ አልነበረውም። ሦስተኛ፣ የፍሬሙ ጠርዝ አይቆረጥ። ብርሃን ያልነካው የፊልሙ ዳር በኋላ ትልቅ ሥራ ይሠራልናል።

ዲስካችሁን ደግሞ አስቡበት። ባለ 4ኬ ሙሉ ፍሬም በ10 ቢት ዲፒኤክስ (እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አንዱ ብቻ 50 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ስታሰሉት አንድ ደቂቃ ከ70 ጊጋባይት ይበልጣል። ለቤተሰብ ፊልም ፕሮሬስ 4444 የሚባለው የተጨመቀ የቪዲዮ ፋይል ይበቃል፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው የምቀበለው።

ደረጃ 2፦ ክፍሉንና ሞኒተሩን አዘጋጁ

ሰው ይህን ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ዋጋዬን አግኝቻለሁ። ማታ ቢጫ አምፖል ሥር ተቀምጬ ለሰዓታት የሠራሁት ሥራ ጠዋት ሳየው ሁሉም ሰው በብርድ የተመታ ይመስላል፤ ሰማያዊ በሰማያዊ። ዓይኔ ቢጫውን ለምዶት ስለነበር ሳላውቅ ሰማያዊ ስጨምር ነው ያመሸሁት።

ክፍሉ ደብዘዝ ይበል፤ መብራቱ ወደ ነጭ የቀረበ ይሁን። ሞኒተሩን ሬክ 709 (የተለመደው የቪዲዮ የቀለም ደረጃ)፣ ጋማ 2.4፣ ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ብርሃኑን 100 ኒት አካባቢ አድርጉት። የሌሊት ሁነታ የሚባለውን ስክሪኑን የሚያሞቅ ነገር አጥፉ። በየ20 ደቂቃው ደግሞ ተነስታችሁ ወደ ሌላ ነገር ተመልከቱ።

ደረጃ 3፦ ፍጥነቱን ለዩ

ድምፅ ያለው ፊልም ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ሱፐር 8 የቤት ካሜራ በአብዛኛው 18፣ ድምፅ አልባ የቆየ 8 እና 16 ሚሊሜትር ደግሞ 16 አካባቢ። ሰዎቹ እየተጣደፉ የሚራመዱ ከመሰላችሁ ፍጥነቱ ተሳስቷል። ቀለሙን ከመንካታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

ደረጃ 4፦ ኔጋቲቩን ገልብጡ

ስካኑ ተገልብጦ ከመጣ ይህን እለፉት። ካልተገለበጠ ግን ብርቱካንማ ምስል ነው የምታገኙት። ያ ብርቱካንማ ቀለም እንከን አይደለም። በፊልሙ ውስጥ ያሉት የማጀንታ (ሮዝ መሳይ) እና የሳያን (አረንጓዴ-ሰማያዊ) ማቅለሚያዎች ሙሉ በሙሉ ንጹህ ስላልሆኑ፣ ስህተታቸውን እንዲያርም ፋብሪካው ራሱ ያስገባው ነው። ኢስትማን ኮዳክ በ1950 ካወጣው የሲኒማ ኔጋቲቭ ጀምሮ አብሮን አለ።

አሁን ያ ያልተቆረጠው ጠርዝ ይጠቅመናል። ብርሃን ያልነካው ቦታ ላይ ያለው ቀለም የፊልሙ የራሱ ቀለም ነው እንጂ የተቀረጸ ነገር አይደለም። የሦስቱን ቀለሞች ቁጥር እዚያ ላይ አንብቡና ሦስቱም እኩል እስኪሆኑ አስተካክሉ። ሎግ ላይ ይህ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ከዚያ ከርቭ በሚባለው የብርሃን መስመር ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጋችሁ ገልብጡት። ኮዳክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ሲንዮን በሚባለው የሎግ አሠራር፣ ከተገለበጠ በኋላ ይህ ባዶ ጠርዝ ከ1023 ላይ 95 ቁጥር ላይ ይቀመጣል። መደበኛው ነጭ 685 ላይ ነው። ከ685 በላይ ያለው ቦታ ለፀሐይ ነጸብራቅና ለአምፖል የተተወ ነው። ባዶ መስሏችሁ አትቁረጡት።

ደረጃ 5፦ ሚዛኑን በኦፍሴት አግኙ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህን እላለሁ፦ ሌላ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ኦፍሴትን ብቻ አንቀሳቅሱ።

በድሮው የፊልም ላብራቶሪ ቀለም አራሚው በእጁ የነበሩት ሦስት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማተሚያ ብርሃን። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 50፣ መሃሉ 25። ኮንትራስት የለም፣ ጥላውን ለብቻ ማረም የለም። ብዙዎቻችን የምናደንቃቸው የድሮ ፊልሞች በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ነው የተስተካከሉት። ሎግ ምስል ላይ ኦፍሴት የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ምስሉን ከታች እስከ ላይ እኩል ያንቀሳቅሰዋል። ሊፍትና ጌይን ግን ጥላውንና ብርሃኑን ለየብቻ ይጎትታሉ። ከእነሱ ከጀመራችሁ ጥላው ወደ አረንጓዴ፣ ነጩ ወደ ሮዝ ይሸሽና ቀኑን ሙሉ ስታሯሩጡት ትውላላችሁ።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቀለም ማስተካከያ ሶፍትዌር በነፃ ስለሚገኝ በእሱ ላስረዳ። ኖዶቹን (እያንዳንዱ እርምት የሚሠራባቸውን ሳጥኖች) እንዲህ ደርድሩ፦ መጀመሪያ ሚዛን፣ ቀጥሎ ኮንትራስት፣ መጨረሻ ላይ ከሲንዮን ሎግ ወደ ሬክ 709 የሚቀይረው ኖድ። መጨረሻ ላይ ኮዳክ 2383 የሚባለውን የማተሚያ ፊልም የሚያስመስለውን ዝግጁ ለት (የቀለም መቀየሪያ ፋይል) ማስገባትም ይቻላል፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ። የምትሠሩት ከዚያ በፊት ባሉት ኖዶች ላይ ነው፤ የምታዩት ግን በእሱ በኩል አልፎ የወጣውን ነው።

አንድ ምሳሌ። በ16 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ የተቀረጸች ልጅ ጥላ ውስጥ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ፓሬዱን (የሦስቱን ቀለሞች መጠን ጎን ለጎን የሚያሳየውን ግራፍ) ስከፍት ግራጫው ድንጋይ ላይ ቀይ 410፣ አረንጓዴ 440፣ ሰማያዊ 505 ይላል። ጥላ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን ከሰማይ ስለሆነ ሰማያዊው መብዛቱ አይገርምም። ሰማያዊውን አወረድኩ፣ ቀዩን ከፍ አደረግኩ፣ ሦስቱም 440 ላይ ገጠሙ። ድንጋዩ ግራጫ ሆነ፤ ቀሚሱም ነጣ። ፊቷ ግን ብርቱካን መሰለ። ጥላውም ጥላነቱ ጠፋ፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። እርምቱን በግማሽ መለስኩት። ድንጋዩ ትንሽ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ ግን ጥላ ውስጥ ተቀመጠች።

ፓሬዱ መነሻ ቦታ ያሳያችኋል እንጂ መድረሻውን አይነግራችሁም። የሻማ ብርሃን ነጭ መሆን የለበትም። የምሽት ፀሐይም ቢጫ ብትሆን ወንጀል አይደለም።

ደረጃ 6፦ ኮንትራስትና ሳቹሬሽን

ሚዛኑ ከገጠመ ይህ ቀላል ነው። ኮንትራስቱን ከፍ አድርጉና ፒቮት በሚባለው መሃሉን አስተካክሉ። ፊልም ላይ ጥቁሩ ዜሮ ላይ ተደፍቶ እንዲተኛ አታስገድዱት፤ ትንሽ ይንሳፈፍ። ኮንትራስት ሲጨምር ቀለሙም አብሮ ስለሚደምቅ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) መጨረሻ ላይ ንኩት። ብዙ ጊዜ መንካትም አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ወደ ሮዝ የዞረ ፊልም ከሆነ

ይህ ሌላ በሽታ ነው። የድሮ የቀለም ህትመቶች መጋዘን ውስጥ ሲቆዩ የሳያን ማቅለሚያቸው ቀድሞ ይሟሽሻል፤ ማጀንታው ይቀራል። ምስሉ ሁሉ ሮዝ ይሆናል። እዚህ ላይ ኦፍሴት ብቻውን አያድንም። ሳያን የሚቆጣጠረው ቀይ ብርሃንን ነው። ስለዚህ ፓሬዱ ላይ ቀዩን ብታዩት ከላይ ተጨምቆ እንደ ቀጭን መቀነት ተኝቷል፤ አረንጓዴው ግን አሁንም ረጅም ነው። የሚሠራው ነገር የቀዩን ታች ለብቻው ወደ ታች መጎተት ነው፤ ቁመቱ ከአረንጓዴው እስኪስተካከል። ይህን ስታደርጉ በቀዩ ውስጥ ያለው ጉርድፍድፍም አብሮ ይለጠጣል፤ 10 ቢት ያልኩት እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል።

ቀዩ ጨርሶ ካለቀ ቻናል ሚክሰር ከፍታችሁ ከአረንጓዴው ጥቂት አበድሩት። ቀለሙ እውነተኛው ነው ማለት አይቻልም። ግን ሰው ሰው ይመስላል።

ደረጃ 8፦ ሾቶቹን አስማሙ፣ ከዚያ አቧራውን

ከአንድ ትዕይንት ዋናውን ሾት ምረጡና ምስሉን አስቀምጡ፤ ሪዞልቭ ውስጥ ስቲል ይባላል። ሌሎቹን ጎን ለጎን እያያችሁ ወደ እሱ አምጧቸው፣ አሁንም በኦፍሴት። ከአንድ ሪል የመጡ ከሆነ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው።

አቧራ ኔጋቲቭ ላይ ካለ ስክሪን ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል፤ ሪቨርሳል ፊልም (ሳይገለበጥ በቀጥታ የሚታየው) ላይ ጥቁር። በኢንፍራሬድ አቧራ የሚለይ ስካነር ለቀለም ፊልም ጥሩ ነው። ለጥቁርና ነጭ ግን አይሠራም፤ ብሩ ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚከለክል ማሽኑ ምስሉን በሙሉ አቧራ አድርጎ ያየዋል። ግሬይኑን (የፊልሙን የራሱን ቅንጣት) ግን ተዉት። ኖይዝ ማጥፊያ ጎትታችሁ የምታገኙት ንጹህ ነገር ሳይሆን ፊቱ በሰም የተለበጠ ሰው ነው።

ስታወጡት ዋናውን ቅጂ በፕሮሬስ 4444 አስቀምጡ። ለኢንተርኔት በኤች 264 ስታደርጉት ቢትሬቱን ከተለመደው ከፍ አድርጉ፤ ግሬይን ያለው ምስል በጣም ሲጨመቅ ወደ ሸክላ ንጣፍ ይለወጣል። ያልተነካውን ሎግ ስካን ደግሞ ቦታ ፈጀ ብላችሁ እንዳትሰርዙት። ከሁለት ዓመት በኋላ የዛሬውን ሥራችሁን አይታችሁ "ይሄን አረንጓዴ ያደረገው ማነው?" ማለታችሁ አይቀርም።