የኤሌክትሪክ መኪና ክርክርን በአባይ ዳገት እንዴት መመዘን ይቻላል?

የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ ቡና ቤቶች ይህን ጉዳይ ሳያነሳ የሚበተን ጨዋታ ጥቂት ነው። አንዱ ወገን የነዳጅ ሰልፍ ቀረልን፣ ከእንግዲህ ወጪያችን የመብራት ሂሳብ ብቻ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ መኪናው አባይ በረሃ ውስጥ ቆሞ ይቀራል፣ ባትሪውም ሳይቆይ ይሞታል ብሎ ይምላል። ሁለቱም የሚናገሩት በሙሉ ልብ ነው፤ ነገር ግን ሲጠየቁ የሚጠቅሱት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በሌላ አገር፣ በሜዳ መንገድና በባዶ መኪና የተለካ ነው። ይህ ጽሑፍ መኪናውን ግዙ ወይም ተዉት ለማለት አልተጻፈም። መካኒክ ያልሆነ ሰው በእስክሪብቶና በወረቀት የሁለቱንም ወገን አባባል በራሱ መንገድ ላይ እንዴት ሊፈትን እንደሚችል ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ የሚመረመረው ሻጩ የሚጠራው የርቀት ቁጥር ነው። «በአንድ ቻርጅ 600 ኪሎሜትር ይሄዳል» ሲባል ቁጥሩ በምን ዓይነት መለኪያ እንደተገኘ ይጠይቁ። ወደ አገራችን የሚገቡት ብዙዎቹ መኪናዎች ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው ቁጥራቸው የተወሰደው በቻይና የሙከራ ሥርዓት ነው፤ ይህ ሥርዓት በዝግታ የሚነዳ የከተማ መንገድን ስለሚያበዛ ከአውሮፓው ይልቅ፣ ከአሜሪካው ደግሞ እጅግ ይልቅ ለሻጭ የሚያደላ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ ለረጅም መንገድ በጥንቃቄ ማስላት የሚፈልግ ሰው ከተጻፈው ቁጥር ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ቢወስድ አይጎዳም። 600 የተባለው 400 ይሆናል። ባትሪው ከ15 በመቶ በታች እንዳይወርድ ስንቅ ከተያዘለት ደግሞ 340 ኪሎሜትር ይቀራል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎሜትር ገደማ ነውና በወረቀት ላይ የሚያደርስ ይመስላል፤ 400 ኪሎሜትር ይሄዳል የተባለው መኪና ግን በዚሁ ስሌት መንገድ ላይ ቻርጅ ሳያደርግ እንደማይደርስ ገና ሳይነሳ ይታወቃል።

የሜዳው ስሌት ይህ ነው። የእኛ መንገድ ግን መሐሉ ላይ አባይ አለበት።

ጎሐ ጽዮንም ደጀንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ሲሆኑ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. መባቻ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ያለበት ሸለቆ ግን ወደ 1100 ሜትር ይወርዳል። ይህ ማለት መንገደኛው በእያንዳንዱ ወገን 20 ኪሎሜትር በሚሆን ጠመዝማዛ ከ1300 ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል ይወጣል። ዳገቱ ምን ያህል ባትሪ እንደሚበላ ለማወቅ አንድ ቁጥር መያዝ ይበቃል፦ አንድ ቶን ክብደትን 1000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት መብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት የኃይል መለኪያ) ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ከመሬት ስበት የሚገኝ ስለሆነ አምራች አይቀይረው፣ ደላላ አያሻሽለው። አምስት ሰውና ሻንጣ የያዘ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና 2.2 ቶን ይመዝናል እንበል። 2.2ን በ1.3፣ የተገኘውን በ2.7 ስናባዛ ወደ 7.7 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። በሞተርና በባትሪ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው፣ በተጨማሪም ጎማውና አየሩ በ20 ኪሎሜትር ውስጥ የሚወስዱት ሲጨመር ጠቅላላው ወደ 11 ወይም 12 ይጠጋል። መኪናው 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ካለው፣ ከድልድዩ ደጀን ለመድረስ ብቻ ከባትሪው አንድ አምስተኛ የሚሆነው ይሄዳል ማለት ነው። ሻጩ ይህን አይነግርዎትም፤ ውሸታም ስለሆነ ሳይሆን ምናልባት አባይን በዚህ መኪና ወጥቶ ስለማያውቅ ነው።

መኪናው በረሃው ውስጥ ቆሞ ይቀራል የሚለው ሰውም ከዚህ ስሌት ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ኃይሉን ለባትሪው ይመልሳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ሲወረድ ከላይ ካሰላነው የክብደት ኃይል ወደ ግማሽ የሚጠጋው ተመልሶ ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ሸለቆውን ወርዶ ለመውጣት የሚከፈለው ትርፍ ዋጋ በዳገቱ ላይ ብቻ ሲታይ ከሚያስፈራው በጣም ያነሰ ነው። በሜዳ ላይ ሲመነዘር 30 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቅድም ከቀረን 340 ኪሎሜትር ላይ ይህን ስንቀንስ 310 ይቀራል፣ ደብረ ማርቆስም እንደምንም ይደረሳል። ፍሬን እየነደደ የሚወርድ ከባድ መኪና ሽታ የሚያውቅ መንገደኛ ደግሞ ሌላውን ጥቅም፣ ማለትም ሞተሩ መኪናውን ስለሚይዘው ፍሬን ማረፉን፣ ራሱ ይረዳዋል። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሞልቶ የተነሳ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል የሚያኖርበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይቀንሳል፣ ሥራውም ሁሉ በተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጎሐ ጽዮን ወይም ደጀን አድሮ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ቁልቁለቱ ፊቱ ካለ እስከ 100 በመቶ ባይሞላ ይሻለዋል። መንገዱ በመሬት መንሸራተት ስለሚጎዳ በዝግታ መሄድ ግድ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ ዝግታ ግን ለኤሌክትሪክ መኪና አይከፋም።

ከውጭ የተዋስነው ጥርጣሬም መመርመር አለበት። ባትሪ በብርድ ይዳከማል የሚለው ወሬ በረዶ ለሚጋገርባቸው አገሮች እውነት ነው፤ የደብረ ማርቆስ የጥቅምት ሌሊት ሰውን ቢያንቀጠቅጥም ከኖርዌይ ክረምት ጋር አይነጻጸርም። ኤሌክትሪኩ ራሱ ከድንጋይ ከሰል ስለሚመነጭ ጥቅም የለውም የሚለው ክርክርም ኃይሏን በአብዛኛው ከውኃ ለምታገኝ አገር አይሠራም። እንዲያውም ተጠራጣሪዎች የማያነሱት አንድ ነገር አለ፦ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ ደጀን ላይም ባሕር ዳርቻ ላይም ያው ነው። ሰው የሌላውን አገር ተስፋ ሳያላምጥ መዋጡ እንደሚያስነቅፈው ሁሉ የሌላውን አገር ፍርሃት መዋጡም ሊያስነቅፈው ይገባል።

ወደ ፖሊሲው ስንመጣ በብዛት የሚሰማው አባባል ግድቡ አልቋል፣ መብራት ሞልቷል የሚለው ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የተተከለው አቅሙ 5150 ሜጋዋት ነው፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት፣ በከፍተኛ መስመር ማስተላለፍና በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ማከፋፈል ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው መጠናቀቁ የሦስተኛውን መድረስ አያረጋግጥም። ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ይዞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ የሚያመነጨው ግን ወደ አገር አቀፉ መረብ ስለሚገባ ጎረቤት በመሆናችን ብቻ ቅድሚያ አናገኝበትም። ሶኬቱ ዘንድ ላልደረሰ ሰው የግድቡ ሜጋዋት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ስለዚህ የሚለካው የራስ ቤት ነው። በተራ የቤት ሶኬት 10 አምፔር የሚስብ ቻርጀር በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 27 ሰዓት፣ ብክነቱ ሲጨመር 30 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከማታው 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢሰካ በአንድ ሌሊት የሚገባው ከባትሪው አንድ ሦስተኛ ይበልጣል እንጂ ግማሽ አይደርስም። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ወደ 26 አምፔር ይደርሳሉ፤ የቆየ የቤት ሽቦ ይህን ለሰዓታት መሸከሙን በባለሙያ ሳያስመረምሩ መሰካት አይገባም። ቮልቴጅ መውረዱን ለማወቅ ደግሞ መሣሪያ ከመግዛት በፊት እንጀራ የሚጋግረውን ሰው መጠየቅ ይቻላል፦ በበዓል ዋዜማ ምጣዱ ዘግይቶ ከጋለ ቮልቴጁ ወርዷል፣ በ180 ቮልት ያው ቻርጀር የሚሰጠው 1.8 ኪሎዋት ብቻ ነው። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ወር ያህል መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት በደብተር ይያዙ። ይህ ደብተር ከማንኛውም የቴሌቪዥን ክርክር ይልቅ ስለ እርስዎ ጉዳይ ያውቃል።

ወጪ ቀነሰ የሚባለውንም በዚሁ መንገድ መፈተን ይቻላል። የአሁኑን መኪናዎን የነዳጅ ደረሰኞች ሰብስበው በሄዱበት ኪሎሜትር ያካፍሉ፤ የኤሌክትሪኩን ደግሞ መኪናው በዳሽቦርዱ ከሚያሳየው ሳይሆን ከቤትዎ ቆጣሪ ይውሰዱ፤ ምክንያቱም በቻርጀሩ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋውን መኪናው አይቆጥረውም፣ ከፋዩ ግን እርስዎ ነዎት። ለከተማ ውስጥ ታክሲ ወይም ባጃጅ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ለኤሌክትሪኩ ያደላል፤ ቀኑን ሠርቶ ማታ የሚሰካ ሰው ከዚህ በላይ ባያሰላም ያስኬደዋል። ረጅም መንገድ ለሚሠራ ግን ቻርጅ ላይ የቆመበት ሰዓትም ወጪ ነውና አብሮ ይጻፍ።

ሲገዙ መሰኪያውን በዓይንዎ ይዩ። የቻይና ገበያ መኪና የቻይናውን መሰኪያ፣ ለአውሮፓ የተሠራው ደግሞ ሌላ መሰኪያ ይዞ ስለሚመጣ በሚሄዱበት ከተማ ያለው ፈጣን ቻርጀር ከእርስዎ ጋር የሚገጥም መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በባትሪ ላይ የስምንት ዓመት ዋስትና መሰጠቱ በአምራቾች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በነጋዴ በኩል የገባ መኪና ያ ዋስትና ድንበር ተሻግሮ ላይከተለው ይችላል። ስለዚህ ዋስትናውን እዚህ አገር ማን እንደሚፈጽመው ስሙና ማኅተሙ ያለበት ወረቀት ይጠይቁ፤ «ችግር የለም» የሚለው የቃል መልስ ወረቀት አይደለም። ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ የሚናገር መኪና ይዞ ደምበጫ ላይ ቀይ መብራት ሲበራበት የሚያነብለትን ሰው የሚፈልግ ሹፌር እንዳይሆኑ ቋንቋው መቀየሩንም እዚያው ያስፈትሹ። የቀረጥና የታክስ ማበረታቻ በመመሪያ የሚሰጥ፣ በመመሪያም የሚሻሻል ነው፤ ዛሬ ያለውን ዘላለማዊ አድርጎ የመኪናውን የነገ ሽያጭ ዋጋ ማስላት አይገባም።

አሁን ባለው ሁኔታ የጎጃም መንገደኛ ሁለት ነገሮችን ጨምሮ ማሰብ ግድ ይለዋል። መንገድ ሲዘጋ ካሰቡት ከተማ ሳይደርሱ ማደር ይመጣል፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበረም ሁላችንም እናውቃለን፤ ኔትወርክ በሌለበት ቻርጀር የሚጠቁምም ሆነ ክፍያ የሚፈጽም መተግበሪያ ከጌጥ አይለይም። ስለዚህ ለሜዳው አገር የሚመከረው የ15 በመቶ ስንቅ ለእኛ አይበቃም፤ 30 በመቶ ይሁን፣ ጥሬ ገንዘብም በኪስ ይኑር። ይህን ስንቅ በመጀመሪያው ስሌታችን ውስጥ ብናስገባው 600 ይሄዳል የተባለው መኪና 280 ኪሎሜትር ይቀረዋል፤ አባይ የሚወስደውን 30 ስንቀንስ 250፣ ማለትም ከደጀን ብዙም ሳይርቅ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከሰው መጠየቅም ዘዴ አለው። መናኸሪያ አካባቢ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው ሲያገኙ «ጥሩ ነው ወይ?» ካሉት፣ የገዛውን የሚያጣጥል ሰው ስለማይገኝ፣ ጥሩ ነው ይልዎታል። ይልቅስ «ወንድሜ፣ ድልድዩ ላይ ስንት ፐርሰንት ነበረህ፣ ደጀን ስትገባስ ስንት ቀረህ? ስንት ሰው ጭነህ ነበር?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ከላይ ካሰላነው አንድ አምስተኛ ጋር ተቀራርቦ ከመጣ ሰውዬው ያየውን ነው የነገረዎት፤ ሳያስብ «ምንም አልቀነሰም» ካለ ግን ወሬውን ቀይረው ስለ ቤተሰቡ ይጠይቁት። ያገለገለ መኪና የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩን ከደጀን እስከ ድልድዩ ወርዶ እንዲመለስ ይጠይቁ፣ አምስት ሰውም ይሙሉ። ሲወርዱ ምን ያህል እንደተመለሰ፣ ሲወጡ ምን ያህል እንደተበላ በየኩርባው ሳይሆን ታችና ላይ ብቻ ይጻፉ። መውጫው ላይ የጠፋው በመቶኛ ከስሌትዎ በግልጽ ከበለጠ ባትሪው ከተጻፈለት መጠን በታች ወርዷል ማለት ነውና ዋጋው በዚያው ልክ ይውረድ፤ ሻጩ ወደ በረሃው አልወርድም ካለም ድርድሩ ከዚያው ይጀመራል።