ለሰርግ ስትዘጋጁ የግል መረጃችሁን ከማንነት ስርቆት እንዴት መጠበቅ ትችላላችሁ?

የሰርግ ዝግጅት ሲጀመር የተጋቢዎች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ቅጂ ከአዳራሽ አከራይ እስከ ቪዲዮ ባለሙያ በብዙ እጅ ያልፋል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሰርጉ ራሱ ለአጭበርባሪ የሚታመን ታሪክ የሚያቀብል መሆኑ ነው። ከሙሽራዋ ቴሌግራም «ለአዳራሹ ቀሪ ክፍያ አጠረን፤ እስከ ሰኞ አበድሩን» የሚል መልእክት ሲደርሰው፣ በሌላ ጊዜ የሚጠራጠር ዘመድ እንኳ ሳያመነታ ገንዘብ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ለማንም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጥበቃውን ከስልካችሁ ጀምሩ።

ሁለታችሁም በቴሌግራም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ክፈቱና ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበትን የይለፍ ቃል ስጡት፤ ስልክ ቁጥራችሁ ለማያውቃችሁ ሰው እንዳይታይ አድርጉ፤ አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አይታችሁ የማታውቁትን አስወጡ። በአጭር መልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ከባንክ፣ ከቴሌብር ወይም ከፋይዳ ነኝ ለሚል ደዋይ ፈጽሞ አይነገርም። የጥሪ ካርድም ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ እንጂ የሚጫን መተግበሪያ ስለማይሆን፣ በጥሪ ስም የተላከላችሁ ፋይል ስሙ በኤፒኬ (.apk) የሚያበቃ፣ ማለትም የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ ከሆነ ሳትከፍቱ አጥፉት።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሰጪ በእርግጥ የሚያስፈልገውን መረጃ ለዩ። ለዲኮር፣ ለኬክ፣ ለሜካፕና ለፎቶ ስም፣ ስልክና ቀን ይበቃል። አስቸጋሪው የቬሎና የሱፍ ኪራይ ነው፤ አንዳንድ ሱቆች ልብሱ እስኪመለስ መታወቂያ በመያዣነት ያስቀራሉ፤ ለቀናት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠን መታወቂያ ማን አውጥቶ ፎቶ እንዳነሳው ደግሞ ማወቅ አይቻልም። በምትኩ የመያዣ ገንዘብ በደረሰኝ እንዲቀበሏችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ፣ ልብሱ የቱንም ያህል ቢያምር ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ለጋብቻ ምዝገባ የሚቀርበው ሰነድ ግን አይቀሬ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለእያንዳንዱ ተጋቢ ሁለት ምስክሮች እንዲኖሩ ስለሚጠይቅ፣ ከእናንተ ጋር የስድስት ሰው መታወቂያ በአንድ ጊዜ ይሰበሰባል። በጥድፊያ መካከል ሁሉንም ወረዳው አጠገብ ላለ ኮፒ ቤት በቴሌግራም መላክ የቀለለ ይመስላል፤ ፋይሉ ግን በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሊቀር ይችላል። ዋናውን መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱና ዓይናችሁ እያየ ኮፒ አስደርጉ፤ የተበላሸውንም ቅጂ እዚያ አትተዉ፤ በኅዳጉ ላይ «ለጋብቻ ምዝገባ ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ፋይል መላክ ግድ ከሆነ፣ ከታተመ በኋላ ከቴሌግራሙም ከኮምፒውተሩም እስኪጠፋ ቆማችሁ ጠብቁ። ባለ12 አኃዙን የፋይዳ ቁጥራችሁን ከአገልግሎት ሰጪዎች ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ አታስፍሩ።

የጥሪ ካርዱ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የወላጆች ሙሉ ስም በካርዱ ላይ በክብር መስፈሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የእናት ስም ባንኮች ደንበኛን ሲመዘግቡ ከሚጠይቋቸው መረጃዎች አንዱ ስለሆነ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉት የእናንተን ስምና ቀኑን ብቻ ይያዝ፤ ሙሉው ካርድ ለታዳሚው በእጅ ወይም በግል መልእክት ይድረስ። ለስጦታ የሂሳብ ቁጥር ማተም ከፈለጋችሁ ለዚሁ ብቻ አዲስ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። የቴሌብር ሂሳብ ስልክ ቁጥራችሁ ራሱ በመሆኑ በካርድ ላይ ባይወጣ ይመረጣል።

በሰርጉ ዕለት ስልካችሁ በሚዜ ወይም በእህት እጅ ስለሚውል፣ መልእክቶች በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይነበቡ አስቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ቀሪ ክፍያዎችንም ከዋዜማው በፊት ጨርሱ። መልሱ ካለፈ በኋላ መታወቂያችሁን ፎቶ አንስተው የያዙ ሰዎች እንዲያጠፉት ጠይቁ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል።

ስልካችሁ ከጠፋ ወይም ሲም ካርዱ በድንገት ሥራ ካቆመ፣ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውላችሁ መስመሩን አዘጉ፤ ባንካችሁም የሞባይል ባንኪንጉን እንዲያግድ ወዲያውኑ አሳውቁ፤ ገንዘብ ከወጣ ለፖሊስ አመልክቱ። ዘመዶቻችሁን ስታስጠነቅቁ በቴሌግራም ግሩፕ አትጻፉ፤ ስልኩን ወይም መስመሩን ወስዶ የቴሌግራም አካውንታችሁን የያዘ ሰው መልእክቱን ሊያነብና ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ከሌላ ስልክ ደውላችሁ በድምፃችሁ ንገሯቸው።