ለቤት ሠራሽ ሰርኪዩት ቦርድ ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) እንዴት ይመረጣል?

ፑንታ ከመግዛትዎ በፊት የሚበሱበትን መሣሪያ ይዩ። ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) በእጅ ይዘው የሚበሱ ከሆነ የካርባይድ ፑንታ አይግዙ። ካርባይድ ጠንካራ ነው፤ ግን መለመጥ አያውቅም፤ እጅዎ ትንሽ ዘንበል ካለ 0.8 ሚ.ሜ. ፑንታ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ለእጅ የሚሆነው ኤችኤስኤስ የሚባለው የብረት ፑንታ ነው። ትራፓኖውን ቀጥ አድርጎ የሚያወርድ ማቆሚያ ካለዎት ግን ካርባይድን የሚያህል የለም።

ቀጥሎ ቦርዱን ይለዩ። ቡናማው፣ ከወረቀት የሚሠራው ቦርድ ለስላሳ ስለሆነ ኤችኤስኤስ ይበቃዋል። ኤፍአር4 የሚባለው ቦርድ ግን ውስጡ የብርጭቆ ክር ነው፤ የብረቱን ስለት ቶሎ ይበላዋል። ኤፍአር4ን በእጅ የሚበሳ ሰው ከአንዱ መጠን ብዙ መለዋወጫ መያዝ አለበት።

አሁን ወደ መጠኑ። ቦርዱ ላይ የሚገባውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እግር ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለኩና ከ0.2 እስከ 0.3 ሚ.ሜ. ይጨምሩበት። ለአብዛኛው ሥራ ሦስት ፑንታ ይበቃል። 0.8 ለሩብ ዋት ሬዚስተር፣ ለትናንሽ ካፓሲተርና ለአይሲ (ባለ ብዙ እግር ቺፕ) ነው። 1.0 እንደ 1ኤን4007 ላሉ እግራቸው ወፍራም ለሆነ ዳዮዶችና ለፒን ሄደር (በመስመር ለተደረደሩ የማገናኛ ፒኖች) ይሆናል። ፒን ሄደር ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ጎኑ ሲለካ 0.64 ስለሆነ 0.8 ቀዳዳ የሚበቃው ይመስላል፤ ፒኑ ግን አራት ማዕዘን ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ 0.9 ገደማ ይመጣል፣ አይገባም። 1.3 ደግሞ ሽቦ በብሎን ለሚታሰርባቸው ተርሚናሎችና እንደ 7805 ላሉ የቮልቴጅ ሬጉሌተሮች ነው። ቦርዱን በ3 ሚ.ሜ. ብሎን ለማሰር 3.2 ይጨምሩ። ከ0.3 ጀምሮ የተደረደሩ ባለ አሥር ፑንታ ሳጥኖች አያጓጉዎ፤ ቀጫጭኖቹ ሳይሠራባቸው ተሰብረው ያልቃሉ።

ከመክፈልዎ በፊት የፑንታውን መያዣ ጫፍ ይመልከቱ። የካርባይድ አብዛኛውን ጊዜ 3.175 ሚ.ሜ. ነው፤ አብዛኛው ትራፓኖ ይይዘዋል። ቀጭን ኤችኤስኤስ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ስለሆነ ከ1.5 ሚ.ሜ. በታች የማይጨብጥ ትልቅ ትራፓኖ ውስጥ ይሾልካል። ትንሽ ትራፓኖ ይፈልጋል።

ሲበሱ ከቦርዱ ሥር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ያንጥፉ፤ አለበለዚያ ቀዳዳው በታች በኩል ይቦጨቃል። ትራፓኖውን አስነስተው ጫፉን ይዩ፤ ሁለት መስሎ ከታየ ፑንታው እየተወዛወዘ ነው፣ አውጥተው እንደገና ይሰኩት። ቦርዱን ሲነድፉ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው የመዳብ ክብ ከቀዳዳው ቢያንስ 1 ሚ.ሜ. ሰፍቶ ይነደፍ፤ መሐሉ ላይ 0.4 ሚ.ሜ. የምታህል ነጥብ መዳብ ሳይኖርባት ከቀረች ፑንታው እዚያው ይገባል፣ አይንሸራተትም። ፍጥነቱን ከፍ፣ ግፊቱን ቀለል ያድርጉ።

በቀዳዳው ዙሪያ መዳቡ ከንፈር ካወጣ ወይም ከቦርዱ ከተላቀቀ ፑንታው ደንዝዟል፤ ይቀይሩት እንጂ አይጫኑት። የኤፍአር4 ብናኝ የብርጭቆ ብናኝ ነውና ማስክና መነጽር ያድርጉ፤ ሲጨርሱም በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፣ እፍ አይበሉት።