በንፋስ እየተነሳ ያስቸገረ የቆርቆሮ ጣሪያ እንዴት እንደተያዘ

ቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ፊቱ ወደ ጣና። ክረምት ሊገባ ሲል በሚነሳው ዐውሎ የጣሪያው ጥግ ይገነጠል ነበር፤ ምስማር መጨመር አልፈየደም።

ንፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስባል፤ በመስኮት የገባው ደግሞ ከሥር ይገፋል። ጉልበቱ የሚበረታው ጥግና ጠርዝ ላይ ነው። ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት) እርጥብ ሳለ ስለተመታ፣ ሲደርቅ ኮስሶ ምስማሩን አላልቶታል።

የላሉት ምስማሮች ወጡ። በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት ከንቱ ድካም ነው። በደረቅ ሞራሌ ላይ ጥምዝ ምስማር ገባ፦ በጠርዝ በየሁለተኛው ሞገድ፣ መሐል ላይ በየሦስተኛው፣ ምንጊዜም በሞገዱ ጀርባ፤ ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ያፈሳል። ከምስማሩ ቆብ ሥር ከከመንዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይግባ።

ዋናው ሥራ ግን ማሰሩ ነው። ቆርቆሮው ቢይዝ እንኳ ሞራሌው አብሮት ይነሳል። ስለዚህ ሞራሌው ከወራጁ (ሞራሌውን ከሚሸከመው ዘንበል ያለ እንጨት)፣ ወራጁ ከግድግዳው አናት አግዳሚ፣ አግዳሚው ከቋሚው ጋር በ4 ሚሊ ሜትር የጋለቫናይዝ ሽቦ፣ ድርብ ሆኖ በፒንሳ እየተጠመዘዘ ታሰረ። አንዱ ከተዘለለ የቀረው ዋጋ የለውም። ከግድግዳው የወጣው ጣሪያም ወደ 45 ሴንቲ ሜትር አጠረ፤ የጭቃ ግድግዳ ከዝናብ መጠለል ስላለበት ከዚያ በላይ አልተቆረጠም።

35 ጌጅ ቆርቆሮ ስስ ነው (የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል)፣ ምስማሩ ዙሪያ ይቀደዳል፤ አቅም ከፈቀደ ጠርዙ ላይ 28 ጌጅ ይሻላል። ጣሪያ ላይ ድንጋይ መጫን? ዐውሎ ሲያነሳው ሰው ይፈነክታል።