ፎቶ ላይ ድራማ ያለው ብርሃን እንዴት ይሰራል? መጀመሪያ አጨልሙት

ፎቶዬ ላይ ብርሃን ልጨምር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚነካው ብራይትነስን ነው፣ ከዛ ፊቱ ነጭ ወረቀት ይመስልና ይተወዋል። እኔም ስንት ፎቶ አበላሽቻለሁ። ብርሃን የሚጎላው ዙሪያው ሲጨልም ነው፣ ስለዚህ ስራው የሚጀምረው ከማጨለም ነው።

እኔ በፎቶሾፕ ነው የምሰራው፣ በብራውዘር የሚከፈተው ፎቶፒያም በነፃ ይሄን ይሰራል። ሮው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቅ ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ጄፔግ 8 ቢት ስለሆነ በየከለሩ 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ ሰማይና ግድግዳ ላይ አጥብቃችሁ ስታጨልሙ መስመር መስመር እየሰራ ያስቀይማል።

የከርቭስ አድጀስትመንት ሌየር ጨምሩ፣ ይሄ ዋናውን ፎቶ ሳይነካ ከላዩ ተደርቦ ብርሃኑን የሚቀይር ሽፋን ነው። የሚመጣውን ሰያፍ መስመር መሃሉ ላይ ይዛችሁ ወደታች ሳቡት። በጣም ጨለመ ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ብራሽ ከማንሳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ፎቶውን እዩት፣ እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ጋር ነው። አንዴ የጓደኛዬን ፎቶ ሶስት ሰዓት ለፍቼበት ከቀኝ በኩል የሚመጣ ወርቃማ ብርሃን ሰራሁለት፣ ደስ ብሎኝ ለእህቴ ባሳያት "ፀሐይዋ ሁለት ናት እንዴ?" አለችኝ። ለካ የአፍንጫው ጥላም ወደ ቀኝ ነው የወደቀው፣ ማለትም እውነተኛው ብርሃን የመጣው ከግራ ነበር! ስለዚህ ዙም አድርጋችሁ የአፍንጫና የአገጭ ጥላ ወዴት እንደወደቀ፣ አይን ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ በየት በኩል እንዳለች እዩ። እነሱ ካሉት አቅጣጫ ጋር አትከራከሩ።

ከዛ የሌየሩን ማስክ (ሌየሩ የት እንደሚታይ የሚወስነውን፣ ከሌየሩ ጎን ያለውን ነጭ ሳጥን) መርጣችሁ በጥቁር ብራሽ ቀቡ፣ ሀርድነስ (የጠርዙ ጥንካሬ) 0፣ ፍሎው (ቀለሙ የሚወጣበት መጠን) 10 ፐርሰንት አካባቢ። ጥቁሩ ማጨለሙን ስለሚደብቀው ብርሃኑ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ትልቅ ክብ አድርጋችሁ እንዳትቀቡ፣ ባትሪ ያበሩበት ነው የሚመስለው። ወደ ብርሃኑ የዞረውን ብቻ ንኩ፦ ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ ትከሻ። የአይን ጉድጓድና የአገጭ ስር ይጨልም። ብርሃኑ ፎቶው ውስጥ ካለ መብራት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ራቅ ያለውን ነገር በድፍረት አጨልሙት፣ የፀሐይ ብርሃን ግን እንደዛ አይቀንስም።

ለከለሩ አዲስ ሌየር ጨምሩ፣ ከስሩ ካለው ፎቶ ጋር የሚዋሃድበትን ሞድ ሶፍት ላይት አድርጉት፣ ብርቱካናማውን እዛው ፎቶ ላይ ካለው መብራት ውሰዱና በሰፊ ብራሽ ቀብታችሁ ኦፓሲቲውን (ሌየሩ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ) ወደ 20 ፐርሰንት አውርዱት። ሌንስ ፍሌር የሚባለውን፣ ሌንስ ላይ ያረፈ የብርሃን ነፀብራቅ የሚያስመስለውን ፊልተር ባትነኩት ይሻላል፣ ከሩቅ ያስታውቃል።

ሴቭ አድርጋችሁ ተኙ። ጠዋት በስልክ እዩት፣ እኔ ሁሌም ማታ አብዝቼ ስለማገኘው የከርቭሱን ኦፓሲቲ ትንሽ እቀንሳለሁ። ለዚህ ነው ሌየሮቹን ወደ አንድ ሳትጨፈልቁ በፒኤስዲ (ሌየሮቹን ለየብቻ በሚያስቀምጠው የፎቶሾፕ ፋይል) ማስቀመጥ ያለባችሁ።